ኤዲኤችዲ ያለበት አዋቂ ቁልፍን፣ ቀጠሮንና ምድጃን እንዳይረሳ ምን ያድርግ?

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት ሰው ነኝ። የትኩረት ጉድለት (ኤዲኤችዲ) እንዳለብኝ ሐኪም የነገረኝ በቅርቡ ነው፤ መድኃኒትም ጀምሬአለሁ። ያስቸገረኝ መርሳት ነው። ቁልፍና ስልክ ስፈልግ ጊዜዬ ያልቃል፣ ቀጠሮ ያመልጠኛል፣ ምድጃ ላይ የጣድኩትን ረስቼ ሁለት ጊዜ ድስት አሳርሬአለሁ። ባለቤቴ የነገረችኝ ነገር ከደቂቃዎች በኋላ ከአእምሮዬ ይወጣል፤ «ግድ ስለሌለህ ነው» ትለኛለች። ስልኬ በአላርም ተሞልቷል፤ ሲጮህ አጠፋውና ሥራዬን እቀጥላለሁ። ማስታወሻ ደብተር ስይዝም ሁለት ሳምንት ያህል ይሠራል፣ ከዚያ ይቀራል። የማስታወስ ችሎታዬ እየጠፋ ነው? ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ ስለ ማስታወስ ችሎታዎ ከጠየቁት ልነሳ። የገለጹት መርሳት ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው በየቀኑ የሚቸገርበት ዓይነት ነው፤ የያዙት ትውስታ እየጠፋ ለመሆኑ ምልክት አይደለም። ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ከዓመታት በፊት ያነበበውን በዝርዝር ሊያወራልዎ ይችላል፤ ከአምስት ደቂቃ በፊት ቁልፉን የት እንዳኖረ ግን አያውቅም። መርሳቱ የሚፈጠረው በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ነው። የየአንዳንዱ መፍትሔ ስለሚለያይ ለየብቻ ማወቁ ይጠቅማል።

አንደኛው፣ ነገሩ መጀመሪያውኑ አለመግባቱ ነው። ቁልፉን ሲያስቀምጡ ልብዎ ከአንድ ሰው ጋር የስልክ ወሬ ላይ ከነበረ አእምሮዎ የመዘገበው ነገር የለም። ያልተመዘገበን ነገር የቱንም ያህል ቢያስቡ አያመጡትም፤ «የት አደረግሁት?» እያሉ ራስን ማስጨነቅ እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም። ሁለተኛው፣ ከገባ በኋላ ወዲያው መውጣቱ ነው። አንድን ሐሳብ ይዘን ለጥቂት ጊዜ የምንሠራበት፣ ባለሙያዎች የሥራ ትውስታ የሚሉት፣ በማንም ሰው ላይ ጠባብ ነው። በአንድ ጊዜ አራት ገደማ ነገር ይይዛል፤ ካልደጋገምነው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። በእፍኝ እንደተያዘ ውኃ ነው፤ ሌላ ነገር ለመያዝ እጅዎን ሲዘረጉ ይፈሳል። ኤዲኤችዲ ሲኖር ደግሞ እጅን የሚያዘረጋው ነገር ይበዛል። ወደ መኝታ ቤት ገብቶ «ለምን ነበር የመጣሁት?» ብሎ መቆም የዚህ ውጤት ነው።

ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ለወደፊት የታሰበው ነገር በሰዓቱ ትዝ አለማለቱ። «ስወጣ ሰነዱን እይዛለሁ» ያሉት ሐሳብ አልጠፋም፤ ማታ ላይ ቢጠየቁ በደንብ ያውቁታል። የጎደለው፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ብቅ ማለቱ ነው። ሰዎች «ካወቅኸው ለምን አላደረግኸውም?» ብለው የሚፈርዱት፣ እርስዎም በራስዎ ላይ የሚፈርዱት እዚህ ላይ ነው። ፍርዱ ልክ አይደለም፤ ማወቅና በሰዓቱ ትዝ ማለት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ስለዚህ አእምሮዎን «አስታውስ» እያሉ አያስገድዱት፤ ማስታወሻውን ድርጊቱ የሚፈጸምበት ቦታና ደቂቃ ላይ ያስቀምጡት። ጠዋት ለራስዎ የገቡት ቃልም ሆነ ሳሎን ያለው ደብተር ወጥ ቤት ለቆሙት እርስዎ አይደርስልዎትም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ አንድ ነገር ዝርዝር ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ለይተን እንለፍ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የምርመራ መመሪያ፣ ዲኤስኤም-5፣ ዕቃ መጣልንና በዕለት ተዕለት ጉዳይ መዘንጋትን ከዘጠኙ የትኩረት ማነስ ምልክቶች መካከል ይቆጥራቸዋል። ሆኖም ኤዲኤችዲ ለመባል በርካታ ምልክቶች ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ታይተው መሆን አለበት። ስለዚህ መርሳትዎ አብሮዎት ያደገ ሳይሆን በቅርብ ወራት የመጣ፣ ወይም በፍጥነት እየባሰ ያለ ከሆነ በኤዲኤችዲ አያሳብቡ። የለመዱት መንገድ ላይ መጥፋት፣ የተናገሩትን እንደ አዲስ ደጋግሞ መናገር፣ ለዓመታት ሲገለገሉበት የኖሩትን ዕቃ አጠቃቀም መርሳት ለሐኪም ሊነገር ይገባል። የእንቅልፍ ማነስ፣ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ፣ ድብርት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የደም ማነስ፣ አልኮል፣ እንዲሁም እንቅልፍ የሚጥሉ የአለርጂ መድኃኒቶች ሁሉ ትውስታን ያደክማሉ። አብዛኞቹ ሊታከሙ ወይም ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው፤ ኤዲኤችዲ ያለበት ሰውም እንደማንም ሰው ሊያጋጥሙት ይችላሉ።

አላርሙ ለምን ከሸፈ?

አላርምዎ የከሸፈው ስለበዛ ብቻ አይደለም። አብዛኛው አላርም የሚጮኸው ሰውየው ነገሩን ሊፈጽም በማይችልበት ሰዓት ነው። ክፍያው የሚፈጸመው በኮምፒውተር ሆኖ አላርሙ መንገድ ላይ ቢጮህ ከማጥፋት ሌላ ምርጫ የለዎትም። ይህ ሲደጋገም ጣትዎ ሳያነብ ማጥፋትን ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ አስፈላጊውም አላርም ጆሮ ዳባ ልበስ ይባላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መቀነስ ነው። ያሉትን አላርሞች በሙሉ ያጥፉና፣ ባይጮኹ እውነተኛ ጉዳት ለሚያደርሱት ብቻ መልሰው ይሙሉ። በቀን ከአራት ከአምስት ካለፉ እንደገና ጫጫታ መሆን ይጀምራሉ። የቀሩት ስማቸው ትእዛዝ ይሁን፤ «ቀጠሮ» ብሎ ከመጻፍ «ላፕቶፑን ዝጋ፣ ጫማ አድርግ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። የመጀመሪያው እንዲያስቡ ይጠይቅዎታል፤ ሁለተኛው እግርዎን ያንቀሳቅሳል። ድምፁንም አልፎ አልፎ ይቀይሩ፤ ጆሮ የለመደውን ድምፅ አእምሮ አይሰማውም።

ከሁሉም በላይ ይህችን ደንብ ይያዙ፦ አላርም የሚጠፋው ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ ብቻ ነው። አሁን ካልቻሉ ለአሥር ደቂቃ ያራዝሙት እንጂ አያጥፉት። «ይህችን ልጨርስና» ብሎ ያጠፋ ሰው፣ በዚያች ቅጽበት ሐሳቡን ለዚያው ለሚፈሰው የሥራ ትውስታ መልሶ አስረክቧል። ሦስት ጊዜ አራዝመውት አሁንም ካልሆነ ሰዓቱ የተሳሳተ ነው፤ አላርሙን ነገሩን በእርግጥ ወደሚፈጽሙበት ሰዓት ያዛውሩት። ብዙ ስልኮች በቦታም ያስታውሳሉ፤ «ከቢሮ ስወጣ» ወይም «ቤት ስደርስ» ብሎ መሙላት ይቻላል። ለዚህ የቦታ መጠቆሚያው (ሎኬሽን) ክፍት መሆን አለበት፤ አንዳንዴ ጥቂት ደቂቃ ሊዘገይም ስለሚችል ለጥብቅ ነገር ብቻውን አይመኑት።

ቀጠሮ የሚያመልጠው ብዙውን ጊዜ ቀጠሮው ተረስቶ ሳይሆን መውጫው ሰዓት ተረስቶ ነው። ቀጠሮዎ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ነው እንበል። መንገዱ 40 ደቂቃ ይወስዳል። ለመዘግየትና በር ላይ ለመጠበቅ 15 ደቂቃ ይጨምሩ፤ መውጫዎ 8፡05 ሆነ። ልብስ ለመቀየር፣ ዕቃ ለመሰብሰብ፣ ለመጸዳጃ 20 ደቂቃ ይያዙ፤ ሥራ የሚያቆሙበት 7፡45 ነው። ሁለት አላርም ይሙሉ፤ በ7፡45 «ሥራውን አስቀምጥ፣ ሰነዱን ያዝ»፣ በ8፡05 «ውጣ»። ካላንደሩ ላይም በጉልህ የሚታየው 8፡05 ይሁን። ሰዎች 40 ደቂቃውን ያስቡታል፤ 20 ደቂቃውን ግን ይዘሉታል፤ የሚያረፍደውም እሱ ነው። ከ7፡45 በኋላ አዲስ ነገር አይጀምሩ፤ «ጊዜ አለኝ፣ አንዲት ኢሜይል ልመልስ» ከቀጠሮ ዋነኛ ጠላቶች አንዷ ናት።

ደብተሩ ለምን ሁለት ሳምንት ብቻ ኖረ?

ሁለት ምክንያት አለው። የመጀመሪያው አዲስነቱ ማለቁ ነው፤ ኤዲኤችዲ ያለበት አእምሮ በአዲስ ነገር ይነቃቃል፣ ሲለመድ ይተወዋል። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሦስት ቀን ሲዘለል የሚመጣው ኀፍረት ነው። ያልተሞሉት ገጾች ሲታዩ ደብተሩን መክፈት ራሱ ያስጠላል። መፍትሔው ጠንክሮ አለመዝለል አይደለም፤ መዝለል አይቀርም። መፍትሔው ከዝላይ መመለሻው ቀላል እንዲሆን ማድረግ ነው። ቀን የታተመበት አጀንዳ አይግዙ፤ ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። ሲመለሱ መስመር ያስምሩ፣ የዛሬን ቀን ይጻፉ፣ ከመጨረሻው ገጽ ላይ ገና የሚሠሩትን ብቻ ያዛውሩ። ከዚያ በፊት ያለውን አይነካኩ። ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሳምንታት ውዝፍ ለማስተካከል የተቀመጠ ሰው ግን በዚያው ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል።

ወረቀት ወይስ ስልክ? የቱም ይሆናል፤ ሁለቱም በአንድነት ግን አይሆኑም። መጻፊያው አንድ ካልሆነ «የት ነበር የጻፍኩት?» የሚል ሌላ መርሳት ይወለዳል። ስልክ ለካላንደርና ለአላርም የተሻለ ነው፤ ለመጻፊያነት ግን ወጥመድ አለው። ለመጻፍ ስልኩን ሲከፍቱ መልእክት ያያሉ፣ መልእክቱን ሲመልሱ ሊጽፉ የመጡት ነገር ይጠፋል። ስልክ ከመረጡ የማስታወሻው መተግበሪያ ከመጀመሪያው ስክሪን በአንድ ንክኪ የሚከፈት ይሁን፤ ወይም በድምፅ ይቅዱ። ወረቀት ከመረጡ በኪስ የሚገባ ይሁን፣ እስክሪብቶው አብሮት የተያያዘ። እስክሪብቶ ፍለጋ ክፍል መቀየር ራሱ ለመርሳት ይበቃል።

ሐሳቡ በመጣ በ15 ሰከንድ ውስጥ ይጻፍ፤ «ኋላ እጽፈዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። አጻጻፉም ለማያስታውስ ሰው የተጻፈ ይሁን። «ባንክ» ብሎ የጻፈ ሰው ከሁለት ቀን በኋላ ምን ማለቱ እንደሆነ አያውቅም። «ሐሙስ በምሳ ሰዓት ባንክ፦ ጊዜው ያለፈበትን ካርድ ማሳደስ፣ መታወቂያ መያዝ» ብሎ ከጻፈ ግን ሥራው ግማሽ ተሠርቷል።

የተጻፈ ሁሉ ካልታየ ዋጋ የለውም። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ ይመልከቱት፤ ይህንንም ከዚህ በፊት ሳያቋርጡ ከሚያደርጉት ነገር ጋር ያስሩት። ጠዋት ጥርስዎን ከቦረሹ በኋላ፣ ማታ ስልክዎን ቻርጀር ላይ ሲሰኩ። ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰፊው ያጠኑት «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» የሚል የዕቅድ አጻጻፍ አለ፤ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። «ደብተሬን አዘውትሬ አያለሁ» የሚለው ምኞት ነው። «ስልኬን ስሰካ ደብተሬን እከፍታለሁ» የሚለው ግን ማስታወሱን ለቻርጀሩ ይሰጠዋል፤ ደብተሩም ቻርጀሩ አጠገብ መቀመጥ አለበት።

ቁልፍ፣ ስልክ፣ የኪስ ቦርሳ

የዕቃ ቦታ ሲመርጡ የሚያምረውን ቦታ ሳይሆን እጅዎ በራሱ የሚጥልበትን ቦታ ይምረጡ። ለአንድ ሳምንት ያህል ምንም ሳይለውጡ ይታዘቡ፤ ሲገቡ ቁልፉ የት ይወድቃል? በሩ አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ሣህኑን እዚያው ያስቀምጡ። ከበሩ አምስት እርምጃ ርቆ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቆንጆ ማንጠልጠያ ከአሥር ቀን በላይ አያገለግልም፤ አምስት እርምጃ ሐሳብ ለመቀየር በቂ ነው። ሣህኑ ክፍት ይሁን። ክዳን ያለው ሳጥን፣ መሳቢያ፣ ዚፕ ያለው ቦርሳ ሁሉ አንድ ተጨማሪ ድርጊት ይጠይቃሉ፣ ዕቃውንም ከዓይን ይሰውራሉ። ኤዲኤችዲ ላለበት ሰው ደግሞ ከዓይን የራቀ ነገር እንደሌለ ነው። ሣህኑ ጠባብ መሆንም አለበት፤ ሰፊ ከሆነ በሳምንት ውስጥ ደረሰኝና ሳንቲም ይሞላውና ቁልፉ ከሥር ይቀበራል።

ከቤት ሲወጡ እጅዎን እያስነኩ፣ በድምፅ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይቁጠሩ፦ «ስልክ፣ ቁልፍ፣ ቦርሳ፣ መነጽር»። በሐሳብ ብቻ መቁጠር አይበቃም፤ ሐሳብ «አለ» ብሎ ያልፋል፣ እጅ ግን አይዋሽም። ከአራት ካበዙት አይዘልቅም። የሚወሰድ ልዩ ዕቃ ሲኖር ሳይነኩት በማያልፉበት ቦታ ይኑር፤ ሰነዱ በጫማው ላይ፣ ጥቅሉ በበሩ እጀታ ላይ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆይ ነገር ከሆነ የቤት ቁልፉን አብረው ማቀዝቀዣው ውስጥ ያስቀምጡ፤ ያለ ቁልፉ አይወጡምና።

ቻርጀርን የመሰለ ርካሽ ነገር በሁለት ቦታ ማኖር ከማስታወስ ይቀልላል። በብሉቱዝ የሚሠሩ ዕቃ ፈላጊዎችም ለቁልፍና ለቦርሳ ይጠቅማሉ፤ ግድግዳ ሲበዛ ርቀታቸው እንደሚያጥርና ባትሪያቸው በየጊዜው እንደሚቀየር ግን ይወቁ። ያው ባትሪ የሚቀየርበት ቀን ካላንደር ላይ ካልገባ፣ ፈላጊው ራሱ በአስፈላጊው ቀን ዝም ይላል።

ምድጃው

ይህ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል፤ የሚጠፋው ሕይወት ሊሆን ይችላልና። እዚህ ላይ በማስታወስ ላይ የቆመ ማንኛውንም ዘዴ አልመክርም።

ምድጃው ከተለኮሰ ከወጥ ቤት አይወጣም፤ ይህ ደንብ ነው። መውጣት የግድ ከሆነና የሚመለሱት ከደቂቃ በኋላ ከሆነ እንኳ ያጥፉት፤ እንደገና መለኮስ ሰከንዶች ነው። ከደንቡ ውጪ የሚሆነው በዝግታ ረጅም ጊዜ የሚበስል ብቻ ነው፤ ለእሱም አንገት ላይ የሚንጠለጠል ወይም ኪስ የሚገባ ታይመር ይያዙ። ስልክ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ሌላ ክፍል ውስጥ ይጮሃልና አይታመንም። ታይመሩ የሚሞላው ምግቡ በሚበስልበት ሰዓት ልክ አይደለም፤ በየ10 ደቂቃው እንዲጠራዎት ያድርጉ። 40 ደቂቃ የተሞላ ታይመር ውኃው በ25ኛው ደቂቃ ቢያልቅ አያድንም። ማማሰያውን በእጅ ይዞ መውጣትም ይረዳል፤ ሳሎን ተቀምጠው እጅዎ ላይ ማማሰያ ሲያዩ ወዲያው ትዝ ይልዎታል። የሚያስቀምጡት ከሆነ ግን ጥቅሙ ያበቃል።

አቅም ከፈቀደ ራሱን የሚያጠፋ መሣሪያ ይግዙ፤ ጊዜ የሚሞላለት ምድጃ፣ ውኃው ሲፈላ የሚያቆም ማንቆርቆሪያ፣ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ የሚጠፋ ካውያ። በወጥ ቤቱና በመኝታ ክፍሎቹ መካከል የጢስ ጠቋሚ ይሰቀል። በቀጥታ ከምድጃው በላይ አይሁን፤ በየቀኑ ያለ ምክንያት ስለሚጮህ ባትሪውን አውጥተው ይተዉታል።

ልጆች ካሉዎት ሁለት ነገር ልጨምር። ትንሽ ልጅ ገላውን ሲታጠብ ለአፍታም ቢሆን ትተውት አይውጡ፤ ስልክ ቢጠራም፣ በር ቢንኳኳም። በመኪና ኋላ ወንበር ሕፃን ሲኖር ደግሞ ያለ እሱ ከመኪናው የማይርቁትን ነገር፣ ስልክዎን ወይም የግራ ጫማዎን፣ ከሕፃኑ አጠገብ ያኑሩ። ይህ ኤዲኤችዲ ለሌለበት ወላጅም የሚሰጥ ምክር ነው፤ የእለቱ ልማድ ሲቀየር ማንም ሰው ሊዘነጋ ይችላል።

ባለቤትዎ የሚነግሩዎት ነገር

«ግድ ስለሌለህ ነው» የሚለው ቃል የሚያቆስለው በሁለቱም ወገን ነው። ባለቤትዎ የሚያዩት ለሥራዎ ያለዎትን ሙሉ ትኩረትና ለእሳቸው ቃል የጎደለውን ነው፤ ከዚያ ያ ትርጉም ቢመጣ አይደንቅም። ማስረዳት ያለብዎ እርስዎ ነዎት፤ ማስረዳቱ ግን ከለውጥ ጋር ይሁን። «ኤዲኤችዲ ስላለብኝ ነው» ብቻ ሲባል ሰሚው «እንግዲህ ቻይው» እንደተባለ ይሰማዋል።

ስክሪን እያዩ ወይም ከሌላ ክፍል የተነገረዎት ነገር አልገባም፤ «እሺ» ብለው ቢመልሱም። ስለዚህ ተነጋግረው ይስማሙ፦ እሳቸው ስምዎን ይጥሩ፣ ዓይን ለዓይን እስክትተያዩ ይጠብቁ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ይንገሩዎት። እርስዎ በራስዎ ቃል መልሰው ይናገሩ፣ እዚያው ይጻፉ። በሥራ መሀል ከሆኑ «እሺ» አይበሉ፤ «አሁን ከነገርሽኝ ይጠፋብኛል፤ ጻፊልኝ ወይም አሥር ደቂቃ ስጪኝ» ማለት ይሻላል። ያለ ትኩረት የተባለ «እሺ» ቃል ኪዳን ሆኖ ይቆጠራል፤ ጠቡም የሚነሳው ከእሱ ነው።

ባለቤትዎን ግን አስታዋሽ አያድርጓቸው። መጀመሪያ ላይ በደንብ ይሠራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አንዱ ተቆጣጣሪ ሌላው ተቆጣጣሪ የሚፈራ ልጅ ይሆናል፣ ትዳሩም ይጎዳል። ይልቅ ሁለታችሁም የምትከፍቱት አንድ ካላንደር ይኑር፤ በሳምንት አንድ ቀን ሩብ ሰዓት አብራችሁ ተቀምጣችሁ የሚመጣውን ሳምንት ሙሉበት። ካላንደሩ ላይ የገባውን የማስታወስ ኃላፊነት የእርስዎ ይሁን፤ ያልገባው ግን የማንም ጥፋት ሆኖ አይቆጠር።

መድኃኒቱ የሚሠራውና የማይሠራው

እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉ አነቃቂ መድኃኒቶች ትኩረትን በአንድ ነገር ላይ ለማቆየት ይረዳሉ፤ በዚህም የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ዓይነት መርሳት ይቀንሳሉ። ሦስተኛውን በከፊል ብቻ ነው፤ መድኃኒት ቀጠሮ ካላንደር ላይ አይጽፍም። መድኃኒት ጀምሬም እረሳለሁ ብለው ተስፋ የሚቆርጡ ብዙዎች ከእሱ የጠበቁት ይህንን ነው። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። የአጭር ጊዜው ሜቲልፌኒዴት የሚሠራው ለአራት ሰዓት ያህል ነው፤ የረጅም ጊዜዎቹ እንደ አሠራራቸው ከ8 እስከ 12 ሰዓት። ጠዋት የወሰዱት ራት በሚበስልበት ሰዓት አብቅቶ ይሆናል፤ ድስቱ የሚያርረው ሁልጊዜ ምሽት ላይ ከሆነ ይህን ለሐኪምዎ ይንገሩ። የሚወስዱት አቶሞክሴቲን የተባለውን አነቃቂ ያልሆነ መድኃኒት ከሆነ አሠራሩ ሌላ ነው፤ ሙሉ ውጤቱን ለማየት ሳምንታት ይፈጃል። በሁለቱም የልብ ምትና የደም ግፊት ክትትል ያስፈልጋል፤ መጠኑን በራስዎ አይጨምሩ፣ አይቀንሱም።

መድኃኒቱን መውሰድ ራሱ ይረሳል፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ «ወስጃለሁ ወይስ አልወሰድኩም?» የሚለው ነው። ሰባት ክፍል ያለው የሳምንት የክኒን ሳጥን ጥያቄውን በዓይን ይመልሰዋል፤ የዕለቱ ክፍል ባዶ ከሆነ ወስደዋል። በተወሰነ ቀን፣ ሳምንታዊውን ካላንደር ስትሞሉ ቢሞላ ጥሩ ነው። እርግጠኛ ካልሆኑ ሁለተኛ አይውሰዱ፤ አንድ ጊዜ መዝለል እጥፍ ከመውሰድ ይሻላል። ሳጥኑ የሕፃን መክፈቻ መከላከያ ላይኖረው ስለሚችል ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጥ። የቀረው ክኒን ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚበቃ ሲሆን «ማዘዣ አሳድስ» የሚል ማስታወሻም ይግባ።

ለአዋቂዎች ኤዲኤችዲ የተዘጋጀ የባሕርይና የአስተሳሰብ ሕክምና (ሲቢቲ) ማግኘት ከቻሉ ይጀምሩት፤ ከመድኃኒት ጎን ለጎን ጠቃሚ መሆኑ በጥናት ታይቷል፤ የሚያስተምረውም በአብዛኛው ከላይ ያነበቡትን ዓይነት ነገር ነው። ትውስታን ያሳድጋሉ እየተባሉ የሚሸጡ የስልክ ጨዋታዎች ላይ ግን ገንዘብ አያውጡ። ሰው በጨዋታው ይሻሻላል፤ ቁልፉን ግን አሁንም ይፈልጋል። እንቅልፍ ከእነሱ ሁሉ ይበልጣል። ከሰባት ሰዓት በታች እየተኙ የሚያደርጉት ዝግጅት ሁሉ ኃይሉ ይቀንሳል።

ከየት ይጀመር?

ሁሉን በአንድ ቀን አይጀምሩ። ስድስት አዲስ ልማድ በአንድ ሰኞ የጀመረ ሰው እስከ ዐርብ ስድስቱንም ይተዋል። ምድጃውን ዛሬውኑ ያስተካክሉ፤ እሱ ለነገ አይባልም። ከዚያ የቁልፉን ሣህን፤ ቀላል ስለሆነና ውጤቱ ወዲያው ስለሚታይ። ሁለት ሳምንት ቆይተው አላርሞቹን፣ ከዚያ ደብተሩን። አንድ ዘዴ መሥራት ሲያቆም «እኔ አልረባም» ከማለት በፊት ዘዴውን ይመርምሩ፦ ማስታወሻው ከድርጊቱ ርቆ ነበር? ሰዓቱ ተሳስቶ ነበር? አንድ እርምጃ በዝቶበት ነበር? በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ነው፤ የሚስተካከለውም ያ ብቻ ነው። ተሰላችተውት ብቻ ከሆነ የሣህኑን ቀለም ወይም የደብተሩን መጠን ይቀይሩ፤ አእምሮው የሚፈልገው አዲስነት ከሆነ መልኩን ቀይሮ አሠራሩን ማቆየት ይቻላል።

ለሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮ ደግሞ የሁለት ሳምንት መዝገብ ይያዙ። አንድ ገጽ በአራት ይክፈሉት፦ የረሱት ነገር፣ ሰዓቱ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱ ስንት ሰዓት እንደሆነው፣ እና ከሦስቱ የትኛው ዓይነት እንደነበረ፤ አልገባም፣ ወጣ፣ ወይስ በሰዓቱ ትዝ አላለም። በየምሽቱ ደብተሩን ሲያዩ የሚሞላ ነው። ሐኪምዎ ከዚያ ገጽ ላይ መድኃኒቱ የሚያበቃበትን ሰዓት ያነባል፤ እርስዎም ቀጥሎ የትኛው ማስታወሻ ወዴት መዛወር እንዳለበት ያያሉ።